አሥራ አራት ዙር

በሶዶ ላይኛው ጫፍ፣ የዳሞታ ተራራ ቁልቁለት ከቤቶቹ ጋር በሚገናኝበት ሰፈር፣ አርባ ስምንት ቤቶች ውሃ የሚጠጡት ከአንድ ሰው ጓሮ ነበር። ሰውየው ኤርካሎ ይባላል። ዕድሜው ስልሳ ሰባት ነው፤ ከአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሚስቱ አስናቀች ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ልጃቸው ሜላት ሐዋሳ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልለትና «አባ፣ በላህ?» ብላ ትጀምራለች። «በልቻለሁ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚጨምሩት ነገር ይጠፋቸዋል።

ውሃው እንዴት እዚያ ጓሮ እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማው ውሃ እስከዚያ ከፍታ አይወጣም ነበርና የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ተነሱ። ከተራራው ሥር ያለውን ምንጭ በሲሚንቶ ከበቡት። ባለ ሁለት ኢንች የብረት ቧንቧ በትከሻቸው ተሸክመው አወጡ፤ በሰው ማሳና በሰው ጓሮ ቆፍረው ቀበሩት። ወረቀት የጠየቀም የሰጠም አልነበረም፤ «በእኔ በኩል ይለፍ» ማለት ይበቃ ነበር። የኤርካሎ ግቢ ከሁሉም ከፍ ስለሚል አሥር ሺህ ሊትር የሚይዘው ማጠራቀሚያ እዚያ ተሠራ።

ከማጠራቀሚያው በታች አራት ቧንቧዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ቤት ያጠጣል፤ እያንዳንዱም የራሱ መዝጊያ አለው። ከላይ ደግሞ፣ የምንጩ ውሃ በሚገባበት ቦታ ላይ፣ እንደ መኪና መሪ በእጅ የሚዞር ትልቅ መዝጊያ አለ። ይህ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት አሥራ አራት ዙር መዞር አለበት። ቁጥሩን መያዝ ጥሩ ነው፤ የኤርካሎ ነገር ሁሉ ከእነዚያ ዙሮች ጋር የተያያዘ ነውና።

ውሃው የሚለቀቀው በተራ ነበር። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ውሃ ወደ ታች መሮጥ ይወዳል፤ ጥቂት ሆኖ ለሁሉም በአንዴ ከተለቀቀ ዝቅ ያሉት ቤቶች ይስቡታል፣ ከፍ ያሉት ነፋስ ይቀዳሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ሳምንቱን አካፈለው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጧት አንድ መስመር፣ ከሰዓት አንድ መስመር ይለቀቃል። አሥራ ሁለት ተራ ለአራት መስመር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሦስት ይደርሰዋል። በአንድ ተራ አንድ ቤት አንድ በርሜልና አምስት ጀሪካን ያህል ይሞላል። እሑድ ሁሉም ተዘግቶ ማጠራቀሚያው ይሞላል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ሁሉ የያዘችው ትንሽ ደንብ ትምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎች ቧንቧቸውን ሳይዘጉ ወደ ገበያ እየሄዱ ውሃው በየጓሮው ፈሶ ቀረ። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ተቆጣና ወሰነ፦ ተረኛው መስመር አንድ ሰው ይልካል፤ ያ ሰው ኤርካሎ በር ላይ ቆሞ «ቧንቧዎቻችን ሰው አላቸው» ካላለ መዝጊያው አይከፈትም። ቃሉን የሰጠው ሰው ደግሞ ውሃው እስከ መጨረሻው ቤት እስኪደርስ ድረስ እዚያው ይጠብቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አሥራ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ሰው የኤርካሎን በር አንኳኳ ማለት ነው። አስናቀች በሕይወት ሳለች ለሚጠብቀው ሰው ቦይና፣ በአማርኛ ጎደሬ የሚባለውን፣ ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ታቀርብ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ኤርካሎ ራሱ መቀቀል ተማረ። በመጀመሪያ ጥሬ ነበር፣ ቀጥሎ ሙክክ አለ፣ በሦስተኛው ወር ተስተካከለ።

ከሚመጡት ሁሉ እንደ ጽጌሬዳ በጉጉት የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ጽጌሬዳ ከአራቱ አንዱ የሆነው፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል የሚወርደው የወፍጮው መስመር ወኪል ናት፤ ለግንባታ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች ሦስት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ሰኞ ጧት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ዓርብ ጧት ትመጣለች። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል።

«ክቡር የውሃ ሚኒስትር! ሕዝብ ተጠምቷል!»

«ቧንቧዎቻችሁ ሰው አላቸው?»

«አላቸው።»

«በአንቺ ቤት ማን አለ?»

«ድመቷ።»

«ድመት ቧንቧ አትዘጋም።»

«የእኔን ድመት አታውቃትም፣ ጋሼ ኤርካሎ። ባሌ በሕይወት እያለ ከሠራው ይልቅ እሷ ትሠራለች።»

ይህን ቀልድ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ መቶ ጊዜም ስቋል። እሑድ ግን ማንም አያንኳኳም። ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የቤቱን በር ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ከሰዓት አንድ የብረት ዘንግ ይዞ ወደ ጓሮ ይወርዳል። ይህ ደስ የሚል ጥበብ ነው፦ የዘንጉን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ ካደረጉት ብረቱ የውሃውን ድምፅ ተሸክሞ ያመጣል። ለለመደ ጆሮ የሚፈስስና የቆመ፣ የተሰነጠቀና ጤነኛ ቧንቧ ይለያል። ኤርካሎ ከዚያም አልፎ የትኛው ቤት ቧንቧ እንደተከፈተ ያውቅ ነበር። እሑድ ግን ሁሉም ዝም ይላሉ፤ እሱም የአራቱን ዝምታ በየተራ ያዳምጣል።

አስናቀች ካረፈች በዓመቱ ውሃው በጣም ቀነሰ። ኤርካሎ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ ወደ ምንጩ ወጣ። ሲከፍቱት የባሕር ዛፍ ሥር በቧንቧው አፍ ገብቶ፣ እንደ ሴት ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ እንደ ክንድ ወፍሮ አገኙት። ጎትተው አወጡት፤ ከሥሩ ጋር ተደፍኖ የኖረ የምንጩ ዓይንም አብሮ ተከፈተ። ሠራተኞቹ በዚያው ወደ አገራቸው ወደ ጉኑኖ ሄዱ፤ ኤርካሎ ብቻውን ተመልሶ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ውሃ ለካ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። በፊት ጀሪካኑ የሚሞላው በአራት ደቂቃ ነበር። ያን ቀን በግማሽ ደቂቃ ሞላ። ስምንት እጥፍ ማለት ነው! ለአራቱም መስመር፣ ለአርባ ስምንቱም ቤት፣ ቀንና ሌሊት ይበቃል። ተራ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ኤርካሎ እየሮጠ ለኮሚቴው ሊናገር ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ተራ ከሌለ ወኪል የለም፤ ወኪል ከሌለ የሚያንኳኳ የለም። ወደ ኋላው ዞሮ ቤቱን አየ። ከዚያ ተመልሶ ትልቁን መዝጊያ ዘጋው፤ አንድ ዙር ተኩል ብቻ ተወለት። ጀሪካኑ እንደገና በአራት ደቂቃ ሞላ። የተረፈው ውሃ ከላይ፣ ምንጩ ጋ ሞልቶ ወደ ጅረቱ ይፈስሳል፤ እዚያ ደግሞ የሚወጣ ሰው የለም። ለኮሚቴው «ሥሩን አውጥተናል፣ እንደ ድሮው ሆኗል» አለ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። በሚቀጥለው ሰኞ እናገራለሁ ብሎ አሰበ። ሰኞ ጽጌሬዳ መጥታ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሳቀች። እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይ አለ። እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሞላው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የወፍጮው መስመር ተራ ባልሆነበት አንድ ማክሰኞ፣ የጽጌሬዳ በርሜል አለቀ። ጀሪካን ይዛ ወደ ጅረቱ ወረደች፤ ስትመለስ ጭቃው አንሸራተታትና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ኤርካሎ በአስናቀች አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን ቦይና ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። «ምነው ጋሼ፣ አንተ ነህ የታመምከው ወይስ እኔ?» አለችው። ሳህኑን አቀበላት። ክርኗ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ሳህኑም እሷ ጋ ቀረ። ባነሳ ቁጥር «ባዶ ዕቃ አይመለስም፤ ለሚኒስትር የሚመጥን የምሞላበት እስካገኝ ጠብቅ» ትለዋለች።

በዚህ ዓመት የከተማው ውሃ አገልግሎት በየሰፈሩ ሰው በራሱ የዘረጋቸውን መስመሮች ሊረከብ ተነሣ። ቧንቧው ይታደሳል፣ ቆጣሪ ይገባል፣ ከዋናው መስመር ጋር ይያያዛል። ለዚህ ግን ቧንቧው የሚያልፍበት ግቢ ባለቤት ሁሉ የማለፊያ ውል መፈረም አለበት። ውሉ ብዙ ሰው እንደፈራው መሬት አይወስድም። ይዞታው የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ብቻ ቧንቧው ባለበት ሦስት ሜትር ስፋት ላይ ቤት አይሠራም፣ ሥሩ የሚጠልቅ ዛፍ አይተከልም፣ የጥገና ሠራተኛ ሲመጣ አይከለከልም። ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍም ውሉ ከመሬቱ ጋር ይኖራል። በቃል የቆየው «በእኔ በኩል ይለፍ» አሁን በወረቀት ሠፈረ ማለት ነው። በኤርካሎ ግቢ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፦ ከመንገዱ እስከ ማጠራቀሚያው በሽቦ የታጠረ መተላለፊያና የራሱ የብረት በር።

ውሉ አሥራ አንድ ግቢ ይነካል። አሥሩ ፈረሙ። ኤርካሎ ቀረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሚልክያስ አስተማሪ ነው፤ ሁሉን በትዕግሥት ለማስረዳት የለመደ ሰው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«ጋሼ፣ የእትዬ አስናቀችን አቮካዶ እኮ አንነካም። መተላለፊያውን ትንሽ እናጥፈዋለን።»

«አቮካዶው አይደለም።»

«እንሰቱ ነው?»

«እንሰቱም አይደለም። ላስብበት።»

«ሦስት ሳምንት አሰቡ! እኔ ሚስት ለማግባት ሦስት ቀን አልፈጀብኝም።»

«ለዚህ ነው እሷ እስከ ዛሬ የምታስበው» አለ ኤርካሎ።

ሚልክያስ ስቆ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፍሬሕይወት የምትባል የአገልግሎቱ ወጣት ኢንጂነር ይዞ መጣ። ፍሬሕይወት ማጠራቀሚያውን ዞራ አየች፣ ሲሚንቶውን በጣቷ አንኳኳች፣ ግንቡን ማን እንደሠራው ጠየቀች፣ «እንዴት ጥሩ ሥራ ነው!» አለች። ከዚያ አንድ ነገር አስረዳች። ከምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ከመጣ አገልግሎቱ መስመሩን ይረከባል። ከዚያ ካነሰ ወጪውን አይመልስምና በዚህ ዙር ይታለፋል። ሌላ ዙር ምናልባት ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ኤርካሎ በልቡ አሰላ። ሃያ ሊትር በአራት ደቂቃ፣ በሴኮንድ ሲታሰብ የግማሽ ሊትር ስድስተኛ እጁ ብቻ ነው። እንግዲህ መዝጊያውን ባለበት መተው ብቻ ይበቃዋል፤ እምቢ ማለት አያስፈልገውም፤ መስመሩ በራሱ ይወድቃል።

«እፈርማለሁ» አለ። «መጀመሪያ ለኩት። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ሚልክያስ በደስታ እጁን ጨበጠው። ያ አጨባበጥ ሳምንቱን ሙሉ መዳፉ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጧት ፍሬሕይወት ቢጫ ጀሪካንና ስልኳን ይዛ መጣች። ሚልክያስ ለኮሚቴው፣ ጽጌሬዳ ለመስመሮቹ ምስክር ሆነው ቆሙ። ውሃው ተለቀቀ። አራቱም ጀሪካኑን አዩ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። በአራት ደቂቃ ከሦስት ሴኮንድ ሞላ። ፍሬሕይወት ጻፈች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ምንጩ ደካማ ነው፣ አባባ።»

«ልጄ፣ እስኪ ድገሚው» አለች ጽጌሬዳ። «ምናልባት እንግዳ አይቶ አፍሮ ይሆናል።»

«ለነገሩ ሦስት ጊዜ መለካት ደንብ ነው» አለች ፍሬሕይወት፤ ስቃ ጀሪካኑን ደፋችና እንደገና አስቀመጠችው። አሁንም አራት ደቂቃ። ሚልክያስ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ የሞላውን ጀሪካን በግራ እጇ ያዘች፤ ሊደፋ መሆኑን ስታውቅ ቆም አለች።

«ከሚደፋ ልውሰደው?» አለች ኤርካሎን። «ዛሬ ተራችን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሠራተኞቹ ምሳ አንድ ጀሪካን ጎድሎኝ ነው። ማንም አያይም፤ ኢንጂነሯም አትናገርብኝም።»

ቀኝ እጇ እንደታጠፈ ደረቷ ላይ ነበር። ፈቃድ እየጠበቀች ነበር። ለሃያ ሊትር ውሃ።

«አስቀምጪው» አለ ኤርካሎ።

«እሺ፣ እሺ፣ ደንብ ደንብ ነው...»

«አስቀምጪው፣ ጽጌሬዳ።»

ወደ ትልቁ መዝጊያ ሄደና ተንበረከከ። በሁለት እጁ ይዞ አዞረ። ዝገቱ ጮኸ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ድምፁን አውጥቶ ይቆጥር ነበር። በአራተኛው ላይ የቧንቧው ድምፅ ተለወጠ፤ በስምንተኛው ላይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሞላ መዝጊያው አልዞርም ብሎ ቆመ። አንድ ተኩሉ ድሮውንም ክፍት ነበር፤ አሥራ አራት ሞላ።

ፍሬሕይወት ጀሪካኑን ደፍታ ከውሃው ሥር አስገባችው። በሠላሳ አንድ ሴኮንድ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ዜሮ ነጥብ ስድስት አራት» አለች። ለአፍታ ያህል ደስታዋ ቀደማት፤ ቀጥሎ ገባት። «ማን ነው የዘጋው፣ አባባ?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«የዛሬ አምስት ዓመት። ሥሩን ያወጣን ቀን።»

«ጋሼ፣ ለምን?» አለ ሚልክያስ። ተማሪው ያልጠበቀውን መልስ እንደሰጠው አስተማሪ ነበር ድምፁ።

ኤርካሎ ተንበርክኮ እንዳለ ነው። በሩ አጠገብ ያለችውን አግዳሚ ወንበር አየ፤ ከላይዋ በጨርቅ የተሸፈነው ቦይና ገና ይተን ነበር።

«ሰው እንዲመጣ» አለ።

ጽጌሬዳ የሞላውን ጀሪካን አልነካችም።

«አምስት ዓመት ነው ያልከው?»

«አምስት።»

«እጄ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ በበሩ ወጣች። ኤርካሎ ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ሚልክያስም እንደ ምስክር ፈረመ፤ እጁን ግን አልጨበጠውም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። አራቱም መዝጊያዎች ተከፍተው ታሸጉ፤ የሽቦ አጥሩ ቆመ፤ የብረቱ በር የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በውሃ አገልግሎቱ ቢሮ ነው። አርባ ስምንቱም ቤት ቀንና ሌሊት ውሃ አገኘ። አቮካዶውም ተረፈ። ኤርካሎን የሰደበው ሰው የለም። በመንገድ ሲያገኙት «ሳሮ» ብለው ሰላም ይሉታል፣ «ሳሮ» ይላል፣ ያልፋሉ። ቢሰድቡት ይቆሙ ነበር፤ ለስድብ ቢያንስ መቆም ያስፈልጋል። ሰኞ ጧት ሁለት ሰው የሚበላው ቦይና ቀቀለ፤ ማክሰኞም እንደዚሁ። እጁ መጠኑን ለመቀነስ አልማር አለው።

ማንም የማያንኳኳበት እሑዱ ሰባት ቀን ሆነ። ዘንጉን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ያዳምጣል። ቧንቧዎቹ ግን አሁን ዝም አይሉም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፦ የሚልክያስ ቤት በማለዳ፣ ሌላው ቤት በምሳ ሰዓት፣ በወፍጮው መስመር መጨረሻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ ቧንቧ። ያንን አብዝቶ ይሰማ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ጽጌሬዳ ቆማለች። በግራ እጇ የአስናቀችን አረንጓዴ ሳህን ይዛለች፤ እስከ አፉ ውሃ ሞልታዋለች፤ ስትመጣ ጥቂቱ ፈሶ ቀሚሷን አርሷል።

«ባዶ ዕቃ አይመለስም» አለች። «የሞላኝ ይሄ ነው።»

ኤርካሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። ስድብ ይሁን ስጦታ ፊቷ አልነገረውም።

«ግቢ» አላት። «ቦይናው ትኩስ ነው።»

«አልችልም፣ ጋሼ። ቧንቧ ከፍቼ ነው የመጣሁት፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም።»

«ድመቷስ?»

ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «እሷም አርጅታለች» አለችና ሄደች።

ሳህኑን አንድ ጠብታ ሳያፈስስ አግዳሚዋ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዘንጉን አንሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ለመሄድ ያህል የተባለ ሰበብ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈልጎ ነበር። ጫፉን የወፍጮው መስመር ላይ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። እውነቷን ነበር። በመስመሩ መጨረሻ አንድ ቧንቧ ክፍቱን ይፈስሳል። ጎንበስ ብሎ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ በልቡ እየተከተላት፣ ጠበቀ። በወፍጮው በኩል ስታልፍ፣ ግቢዋ ስትገባ፣ እጇን ስትዘረጋ። ቧንቧው ተዘጋ።